እድር ቤቱን ዳገት ያወጣንበት ምክንያት

ጡረታ በወጣሁበት ቀን ያስረከብኩት ዕቃ አንድ ገጽ አልሞላም። ሁለት የእጅ ሬዲዮ፣ አንደኛው ባትሪ የማይዝ፤ አንድ ድምፅ ማጉያ፤ የዝናብ መለኪያ፤ የመሳቢያ ቁልፍ፤ ጠርዙ የተበላ የስልክ ቁጥር ደብተር። በቦታዬ የተተካችው ሰላማዊት አንድ በአንድ አረጋግጣ ፈረመችና «እትዬ ዘነበች፣ ሌላ የቀረ ነገር አለ?» አለችኝ። ለወጉ ነው የጠየቀችው። እኔ ግን ቁም ነገር አድርጌ ያዝኩት። «አለ፤ ግን በንብረት ማስረከቢያ ቅጽ ላይ አይሞላም» አልኳት። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእሷ ነው።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልናገር። አደጋ ሊመጣ ሲል ሰው እንዲያውቅ ማድረግ፣ በመጣ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ መንገር፣ ካለፈ በኋላ ማን እንደጎደለ ማጣራት። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ቅድመ ማስጠንቀቂያ» ይባላል። እናቴ ለሰው ስትናገር ግን «ልጄ ዝናብ ትቆጥራለች» ነበር የምትለው። ስሜም ዘነበች በመሆኑ ባልደረቦቼ የሥራ ዘመኔን በሙሉ አንዲት ቀልድ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ማማረር የነበረብኝን ያህል በጊዜው አማርሬዋለሁ።

የተወለድኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ነው። የመጀመሪያ ምድቤ ግን ካምባ ሆነ። ሻንጣዬን ይዤ ከአውቶብስ ስወርድ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ጥቁር ጃንጥላ የዘረጉ አጠር ያሉ ሰውዬ ቆመው ይጠብቁኛል። አለቃዬ አቶ ሻንካ ነበሩ። እኔ ጋሽ ሻንካ እላቸዋለሁ። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ በጋም ክረምትም ያ ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም። እኔ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የዝናቡን መጠን አንብቤ ለዞን አስተላልፋለሁ፤ ከዞን የሚመጣውን ደግሞ እጽፋለሁ።

ከላይ የሚመጣው መልእክት ሁልጊዜ የሚያልቀው «ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ» በሚል ነበር። ጋሽ ሻንካ ወረቀቱን አገላብጠው ያዩና «ይኼ አስፈላጊ ጥንቃቄ የሚሉት የት ነው የሚገኘው? ገበያ ይሸጣል?» ይሉኛል። ከዚያ እንደገና ያጽፉኛል። ማን ይሂድ፣ ከየት ይነሳ፣ ወዴት ይሂድ፣ መቼ ይሂድ። እነዚህ አራቱ ካልተሟሉ ወረቀቱ ከቢሮ አይወጣም። የዞን ሰዎች «መልእክታችንን ትለውጣላችሁ» ብለው ይቆጡ ነበር፤ እሳቸውም «አዎ» ብለው ይመልሳሉ።

ሁለት ልማድ ነበራቸው፤ ሁለቱንም ወርሻለሁ። አንደኛው ይህ ነው። በገበያ ቀን መልእክታችንን በአማርኛም በጋሞኛም ተናግረን ስንጨርስ፣ ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ ገበያው መጨረሻ፣ ሸክላ ሻጮቹ ወደሚቀመጡበት ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ «ሰማችሁ?» አይሉም። ይህን የተጠየቀ ሰው ሁሉ አዎ ነው የሚለው። «ምን ሰማችሁ?» ነው የሚሉት። አንዷ የበግ ክትባት አለ ተባለ ትላለች፤ ሌላዋ ስብሰባ ነው ትላለች፤ ሦስተኛዋ ድምፃችሁን ሰምቻለሁ፣ ያላችሁትን ግን እንጃ ትላለች። ተመልሰን እንደገና እንናገራለን። «ሰዉ አልሰማም» ስላቸው «ሰዉ አልሰማም አይባልም። እኛ አልነገርንም ነው የሚባለው» ብለው አረሙኝ።

ሁለተኛው ልማዳቸው እግር ይጠይቃል። ሰው የሚላክበትን መንገድ ቀድመው ራሳቸው ይሄዱበታል፤ ለዚያውም ዕቃ ተሸክመው። አንድ ክረምት ከአንድ ሰፈር በላይ ያለው ተዳፋት መሰንጠቅ ጀመረ። ጋሽ ሻንካ ግማሽ ኩንታል በቆሎ ራሳቸው ተሸክመው ግማሽ ኩንታል ለእኔ አሸከሙኝና፣ ሰዎቹ ይሸሹበታል በተባለው መንገድ ወጣን። መሐል ላይ ጭቃ ነበረ፤ ጉልበቴ ድረስ ገባሁ። «አሮጊት በዚህ አትወጣም» አሉና ሌላ መንገድ ፈለግን። ከዚያም ዱቡሻ ወደሚባለው የሰፈሩ መሰብሰቢያ ሄድን። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ እሳቸው አልተናገሩም። ሀላቃው፣ ሕዝቡ የመረጠው አውራ፣ ስንጥቁን በዓይኑ እንዲያይ ወስደው አሳዩት፤ የተናገረው እሱ ነው። ሰዉ በማግስቱ ወጣ። ተራራው የወረደው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ሁለት ላምና አንድ የእንሰት ጓሮ ሄደ፤ ሰው ግን አልተነካም። ያን ቀን ይህ ሥራ እንጀራዬ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ደስታው ዛሬም አልበረደልኝም።

ከዓመታት በኋላ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወርኩ። ጋሽ ሻንካ ጡረታ ወጥተው እዚያው ካምባ እንሰታቸውን መንከባከብ ያዙ። ከተማ ላይ ብዙ አለቃ አየሁ። አንዱ ባነር ይወድ ነበር። ጎርፍ ሊመጣ ነው ብለው ሲነግሩት «ባነሩ ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው ደግ ሰው ነበር፤ ግን ከስብሰባ ስለማይወጣ ደግነቱ ደርሶኝ አያውቅም።

በከተማው የነበረን መሣሪያ ሞንታርቦ የተጫነባት ፒካፕ ናት። ያቺው ፒካፕ ለክትባት፣ ለኳስ ጨዋታ፣ ለስብሰባ፣ ለጽዳት ዘመቻም ታገለግላለች። አንድ ባለ ሱቅ «እህቴ፣ ይቺ መኪና ስትመጣ እኔ ሬዲዮኔን ነው ከፍ የማደርገው» ብሎኛል። አልተቀየምኩትም። ለሁሉ ነገር የሚጮህ ድምፅ መጨረሻው እንዲህ ነው።

ጫሞ ሐይቅ ዳር ከነበሩት ዓሣ አጥማጆች ጋርም ብዙ ተከራክሬያለሁ። ከሰዓት ንፋስ አለ፣ አትግቡ እላለሁ፤ ይገባሉ። አንድ ቀን አንዱን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «እትዬ፣ ንፋሱን ካንቺ በፊት እኔ አውቃለሁ። የዓሣ ገዢው መኪና ግን በረዶ ይዞ እየመጣ ነው። እኔ ካልገባሁ ሌላው ገብቶ ይሸጥለታል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለአጥማጆቹ መንገር ተውኩ። ንፋስ ባለ ቀን ዓሣ ለሚጭኑት ፒካፖች ሹፌሮች ነው የምደውለው። ገዢ እንደማይመጣ ሲያውቁ ጀልባዎቹ ከዳር አይነሱም። መጀመሪያ ላይ ሹፌሮቹ ሰደቡኝ፤ በኋላ ራሳቸው እየደወሉ «ዛሬስ?» ማለት ጀመሩ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ኩልፎ ከተማችንን ሰንጥቆ የሚያልፍ ወንዝ ነው። የሚነሳው ከደጋው ነው፤ ስለዚህ ከተማው ላይ ፀሐይ እያቃጠለ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ሰው ሰማዩን አይቶ ጥርት ብሏል ብሎ ልብሱን ሲያጥብ፣ ውሃው ዛፍ እየነቀለ መንገድ ላይ ነው። ደጋው ላይ አቶ ዋዳ የሚባሉ ሸማኔ ነበሩን። ቤታቸው ከወንዙ በላይ ነው። ድንጋይ ላይ ነጭ፣ ቢጫና ቀይ መስመር ቀባንላቸው። ከመወርወሪያቸው ቀና ሲሉ መስመሩ ይታያቸዋል፤ ውሃው ቢጫውን ሲነካ ይደውሉልኛል። ቀዩን ከነካ እኛ ጋ ለመድረስ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ያን ጊዜ ያሳሰበችኝ ወንዙ ዳር ያለች አንዲት ሰፈር ነበረች። የሙዝ እርሻ ሠራተኞች፣ ጉሊት ቸርቻሪዎች፣ ከደጋ የወረዱ ሸማኔዎች፣ ጥቂት ባለ ሱቆች ይኖሩባታል። የስልክ መልእክት እንልክ ነበር፤ ግን ቀን ላይ የብዙው ሰው ስልክ ቤት ቻርጅ ላይ፣ ባለቤቱ ሙዝ ውስጥ ነው። እኔም አሰብኩ አሰብኩና ሁሉም ቤት የሚደርስ አንድ ድምፅ አገኘሁ፤ የእድር ጡሩምባ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ሰፈሩን ዞሮ ይነፋል፤ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ ይናገራል። ያን ድምፅ ሰምቶ የሚተኛ ሰው የለም።

ጡሩምባ ነፊያቸው ጋሽ ቶማ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ደረታቸው ግን ሰፊ የሆነ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ የእድሩን ድስትና ሰሃን የሚጠብቁ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በመቀነታቸው የሚያንጠለጥሉ ብርቱ ሴት ነበሩ። ከእድሩ ዳኛ ጋር ተስማማን። ጎርፍ ሲመጣ ጋሽ ቶማ ጡሩምባውን ይነፉና «ጎርፍ ነው፣ ወደ ላይ ውጡ» ይላሉ። ሙከራም አደረግን፤ አስቀድመን ቀኑን ነግረን። ሰፈሩ በሙሉ እየሳቀ ዳገቱን ወጣ። እኔም የሚወጡበትን መንገድ በቆሎ ተሸክሜ አስቀድሜ ሄጄበት ነበር። ሁሉን ያደረግኩ መሰለኝ፤ ሪፖርቱም አማረ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ዋዳ ደወሉ። «ዘነበች፣ ቢጫውን አላየሁትም። ቀዩን ዋጠው» አሉኝ። አርባ ምንጭ ላይ የደመና ምልክት የለም። ለጋሽ ቶማ ደወልኩ። ወዲያው ጡሩምባውን ይዘው ወጡ፤ ከሰፈሩ ጫፍ ጀምረው እየነፉ፣ «ጎርፍ ነው» እያሉ ሮጡ። እኔ በባጃጅ ወደዚያው በረርኩ። ሰው ወደ ላይ ሲወጣ እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ስደርስ ሰዉ ወደ ታች ይወርዳል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ፈጠን ፈጠን እያሉ፣ ሐዘን ላይ እንደሚሄድ ሰው አንገታቸውን ደፍተው፣ ወንዙ ዳር ወዳለው እድር ቤት ይሄዳሉ።

ከባጃጁ ወርጄ ጮህኩ። ጥቂቶች ቆሙ። አንዷ ሴት እጄን ይዛ «ማን ነው ያረፈው?» አለችኝ። ያን ጥያቄ እስክሞት አልረሳውም። ውሃው ሲመጣ ግማሹ ሰው እድር ቤቱ ደጅ ደርሶ ነበር። ጎረምሶቹ ሕፃናቱንና አዛውንቱን እየጎተቱ አወጡ። ወይዘሮ አስካለ ግን እንደ ልማዳቸው ከሁሉ ቀድመው ደርሰው፣ ዕቃ ቤቱን ከፍተው፣ ትልልቆቹን ድስቶች ለማውጣት ውስጥ ገብተው ነበር። እሳቸውን ብቻ አላወጣናቸውም።

ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ማንም አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ ቶማ ወደ እኔ አንዴ እንኳ አላዩም። የቀብሩን ጡሩምባ የነፋው ከሌላ እድር የመጣ ሰው ነው። የእሳቸው ጡሩምባ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ጨርቅ ተጋርዶበት አየሁት።

ቢሮ ስመለስ የሪፖርቱ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «ኅብረተሰቡ የተላለፈለትን ማስጠንቀቂያ በአግባቡ ባለመረዳቱ» ይላል። አልፈርምም አልኩ። አለቃዬ «አንቺን ለማዳን ነው እኮ» አለኝ። ከልቡ ነበር፤ ግን በሟች ላይ ጥፋት አላላክክም ብዬ ሌላ ጻፍኩ፤ ያልተረዳሁት እኔ ነኝ ብዬ። ምን እንዳልተረዳሁ ግን ገና አላውቅም ነበር። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ካምባ ሄድኩ።

ጋሽ ሻንካን ጓሯቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ሁሉን ነገርኳቸው፤ አለቀስኩም። ሥራውን ልተው ነው አልኳቸው። አላባበሉኝም። «ምን ሰማችሁ ብለሽ ጠየቅሻቸው?» አሉኝ።

«ለቅሶ ላይ እንዴት ይጠየቃል?»

«ለቅሶው ሲያልቅ ሂጂ። ቤት ለቤት። ከዚያ ሥራሽን ትተዪም እንደሆን ትተያለሽ።»

ሄድኩ። ፊት ያዞረብኝ ነበር፤ አብዛኛው ግን ወንበር ሰጠኝ። ጎርፍ የሚለውን ቃል የሰሙት ጋሽ ቶማ የሮጡበት መንገድ ዳር የነበሩት ብቻ ነበሩ። ሌላው የሰማው ጡሩምባውን ነው። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ጀማል፣ ከሱቃቸው ባንኮኒ ጀርባ ሆነው ነገሩን እንዲህ ብለው አስረዱኝ። «እትዬ ዘነበች፣ ጡሩምባ ሲነፋ ቃሉን ማን ይጠብቃል? ብድግ ብለን እንሄዳለን። ማን እንደሞተ የምንሰማው እድር ቤት ስንደርስ ነው። አባቴም እንዲህ ነው ያደረገው፣ እኔም እንዲሁ። የሙከራው ቀን ወደ ላይ የወጣነው ሙከራ እንደሆነ ስለነገራችሁን ነው።»

የሰማሁትን ይዤ ለጋሽ ሻንካ ደወልኩ። አዲስ ድምፅ እንፈልግ፣ ለሰዉ ሥልጠና እንስጥ አልኳቸው። ሰሙኝና «ጡሩምባ የሰማ ሰው እድር ቤት እንዲሄድ ያሠለጠንሽው አንቺ ነሽ?» አሉ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነው።»

«እና እሱን ለማስረሳት ስንት ዓመት አለሽ? ክረምቱ እኮ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል» አሉና ስልኩን ዘጉት። መሰናበት አያውቁበትም።

ሁለት ቀን ስብሰለሰል ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን እድር ቤቱ የነበረበት ፍራሽ ላይ ቆሜ ዳገቱን ሳይ ገባኝ። ሰው የምንልክበትን መንገድ በቆሎ ተሸክሜ ሄጄበታለሁ። ጡሩምባው ሰውን የሚልክበትን መንገድ ግን አንድም ቀን አልሄድኩበትም። ሰዉ አልተሳሳተም። ጡሩምባው ሲነፋ ወደ እድር ቤት ይሄዳል፤ ሁልጊዜም ይሄዳል። እድር ቤቱ ዳገት ላይ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ሁሉም ተርፎ ነበር።

የእድሩ ጉባኤ ላይ ቀረብኩና፣ እድር ቤቱን በድሮው ቦታ አትሥሩት፣ ከአስፋልቱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ አውጡት አልኩ። ጫጫታ ሆነ። አንዱ «ድንኳንና አግዳሚ ተሸክመን በየለቅሶው ዳገት ልንወጣና ልንወርድ ነው?» አለ። ሌላው «መጀመሪያ ጡሩምባችንን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ቤታችንን» አለ። እውነቱን ነው። ተቀመጥኩ።

ከኋላ ጋሽ ቶማ ተነሡ። ከለቅሶው ወዲህ በጉባኤ ላይ ተናግረው አያውቁም። እሳቸው አማርኛ የለመዱት ካደጉ በኋላ ነው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

«አስካለ ሁልጊዜ ትቀድማለች» አሉ። «እኔ ስነፋ፣ ጡሩምባው ከአፌ ሳይወርድ እሷ ቁልፍ ይዛ ሄዳለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው። ቤቱ ላይ ቢሆን ላይ ነበር የምትቀድመው።» ከዚያም «ቤቱን ላይ ሥሩ። እኔም ድንጋይ እሸከማለሁ። ጡሩምባ ግን ከእንግዲህ አልነፋም» ብለው ተቀመጡ።

ቤቱ ተሠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም አሸዋና ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል፤ ሴቶቹ በቆሎ በሽፈራው ቅጠል ቀቅለው፣ ዳጣ ጨምረው ይዘው ይመጣሉ። ጋሽ ቶማ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። ድንጋይ ያቀብሉኛል፤ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለም። አቶ ጀማልም አንድ ነገር ጨመሩ። በለቅሶ ጊዜ የቀረ ሰው ለመለየት እድርተኛው በስም ይጠራል። «ጎርፍም ሲሆን መዝገቡን ይዤ ልጥራ፤ አቤት ያላለው የት እንዳለ እንጠይቃለን» አሉ። መሥሪያ ቤታችን የጠፋ ሰው የሚጣራበት ባለ ብዙ ገጽ ቅጽ ነበረው፤ የእሳቸው መዝገብ በለጠው።

የቀረው ጡሩምባ ነፊ ነው። አንድ ጎልማሳ ሸማኔ ተተካ። ነፋ፤ ግን ድምፁ ሁለት ቤት አያልፍም። በየለቅሶው ሰው ሲዘገይ እየሰማሁ ልቤ ይደማ ነበር። እድር ቤቱ በትክክለኛው ቦታ ቆሟል፤ ሰዉን ወደዚያ የሚጠራ ትንፋሽ ግን የለም። ጋሽ ቶማን ልለምናቸው ሦስት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በምን አፌ እላቸዋለሁ?

ጡረታዬ ሊደርስ ወራት ሲቀሩት፣ እንደገና በጠራ ሰማይ፣ ከምሳ በኋላ አቶ ዋዳ ደወሉ። «ቢጫው ገብቷል። ቀዩ ደግሞ ይኼው…» ብለው ሳይጨርሱ «ቀዩም» አሉ። ሰላማዊት አጠገቤ ነበረች። የስልክ መልእክቱን ወዲያው ላከች። እኔ ለአዲሱ ጡሩምባ ነፊ ደወልኩ። ጥሬ ዕቃ ልገዛ ወጥቻለሁ፣ ከከተማ ውጪ ነኝ አለኝ።

ለጋሽ ቶማ ደወልኩ። አነሡ። «ጋሽ ቶማ፣ ዘነበች ነኝ። ቀዩን ነክቷል» አልኩ። ከወዲያ በኩል ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እኔና ሰላማዊት ባጃጅ ላይ ተሳፈርን። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ምንም አልሰማሁም። ገበያውን አለፍን፤ ምንም። ወደ ሰፈሩ ስንታጠፍ ሾፌሩ ራሱ ፍጥነቱን ቀነሰና «ማን ሞተ?» አለ። ያኔ ሰማሁት። ረጅም ነው፣ አይቆራረጥም፤ ከዚያ ደረት እንጂ ከሌላ አይወጣም። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሰላማዊት ምን ሆነሽ ብላ ደነገጠች።

ሰዉ ከየቤቱ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው ወደ እድር ቤቱ ይሄዳሉ። ወደ ላይ። አብዛኞቹ ጎርፍ እንደሆነ አላወቁም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። አንዲት ሴት ዳገቱን እየወጣች «ማን ይሆን?» ስትል፣ ከኋላዋ ያለው ሽማግሌ «እንጃ፣ ስንደርስ እንሰማለን» አላት።

ላይ አቶ ጀማል መዝገቡን ከፍተው አግዳሚ ላይ ቆሙ። ስም ይጠራሉ፤ አቤት ይባላል። ስም፤ አቤት። ወይዘሮ ዳምነሽ ሲባል መልስ የለም። ደግመው ጠሩ። ጎረቤቷ «ጆሮዋ ከፋሲካ ወዲህ አይሰማም፤ ጓሮ ነበረች» አለች። ሁለት ወንዶች ቁልቁል ሮጡ። ሰዓቴን አየሁ፤ ማየት አልነበረብኝም። አቶ ጀማል ጥሪውን አላቋረጡም፤ ድምፃቸው ግን ወረደ። ሁለቱ ሰዎች ወይዘሮ ዳምነሽን ከተቀመጠችበት ዱካ ጋር ተሸክመው ሲወጡ፣ እሷ በአንድ እጇ ዶሮ አቅፋ «አስቀምጡኝ፣ ምን ሆናችሁ?» እያለች ትቆጣቸው ነበር። ገና አስፋልቱን ሲያልፉ ከታች የውሃው ድምፅ ተሰማ።

ያየነውን ማሳነስ አልፈልግም። ውሃው አጥር፣ ወጥ ቤት፣ ሁለት ቤት ሙሉ በሙሉ፣ ብዙ ሙዝ ወሰደ። እድር ቤቱ በነበረበት ቦታ ላይ ግንድ እየተንከባለለ አለፈ። ሁላችንም ከላይ ቆመን አየን። የሚያለቅስ ነበር፤ ለቤቱ ነው፣ ማልቀስ ይገባዋል።

አቶ ጀማል መዝገቡን ጨረሱ። ሰው ሁሉ አቤት ብሏል። ከዚያ ግን እንግዳ ነገር ሆነ። ሰዉ ተሰብስቦ፣ ድንኳን ወጥቶ፣ ድስት ተጥዶ፣ ሁሉም ይጠብቃል። እዚያ ቦታ ጡሩምባ የነፋው ሰው ተነሥቶ የሟቹን ስም ይናገራል፤ ልማዱ እንዲያ ነው። ዓይን ሁሉ ጋሽ ቶማ ላይ ሆነ።

ጋሽ ቶማ ወደ እኔ መጡ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነበር። «ልጄ፣ ምን ልበል?» አሉኝ።

«ያለውን ይበሉ፣ ጋሽ ቶማ።»

አግዳሚው ላይ ወጡ። ጡሩምባውን በግራ ብብታቸው አደረጉ። የሞት መርዶ በሚናገሩበት፣ ሁላችንም በምናውቀው ድምፅ፣ ዝግ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየለዩ ተናገሩ።

«እድርተኞች ስሙ። ዛሬ፣ በዚህ ሰፈር፣ የሞተ ሰው የለም።»